ስማቸውንም ጻፉላቸው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የጎንደር ነዋሪ ነኝ። እንጀራዬ መምህርነት ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ካሜራዬን አንግቤ ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ በእግሬ እየዞርኩ የማላውቀውን ሰው ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ይህን የምጽፈው ጥምቀት በመጣ ቁጥር ከተማችን በካሜራ ስለምትሞላና እኔ ያጠፋሁትን ሌላው እንዳይደግመው ብዬ ነው።

ጃንተከል ዋርካ አካባቢ አንድ ሊስትሮ ልጅ ነበር። አንድ ጠዋት አቀርቅሮ ጫማ ሲቦርሽ ፀሐይዋ በትከሻው በኩል መጥታ እጁ ላይ አረፈች። ሳላናግረው አነሳሁት። ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት፤ ሰው ወደደው፣ ተቀባበለው። ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ ጠብቆ አስቆመኝ። አልተቆጣም። "ጋሼ፣ አገር ቤት ያሉት እኮ ትምህርት ላይ ያለሁ ነው የሚመስላቸው" አለኝ፣ ዓይኑን ከጫማዬ ሳያነሳ። ፎቶውን ያኔውኑ አጠፋሁት። ሰው ስልክ ውስጥ የገባውን ግን ማን ያጠፋዋል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ በአደባባይ ለሚፈጸም ሥነ ሥርዓት በር ይከፍታል፤ ስለዚህ ጥር 11 በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በእልልታ የሚያጅበውን ሕዝብ ማንሳት አያስወቅስም። አቀርቅሮ የዕለት ጉርሱን የሚፈልግ ልጅ ግን በዓል አይደለም።

ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ቅዳሜ ገበያ ጌሾ የሚሸጡ አንዲት እናት "እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?" ስላቸው "ለምንህ ልጄ?" አሉኝ። ካሜራዬን ትቼ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ጌሾው ዋጋ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ የኔ እናት የየት አገር ሰው እንደሆነች ስንጨዋወት ግማሽ ሰዓት ሄደ። በኋላ ራሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው "በል እንግዲህ" አሉ።

በሳምንቱ አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። የራሳቸውን መልክ ብዙም አላዩትም። ከኋላ በኩል፣ ጥግ ላይ በርበሬ ስትሰፍር የገባችውን ጎረቤታቸውን በጣታቸው ነክተው፣ "ይቺማ ታማ ቤት ከዋለች ሰነበተች፤ ለሷም አንድ አሳጥብልኝና እኔ አደርስላታለሁ" አሉኝ። ሁለተኛውን ስወስድ ቡናው ተቀራርቦ ጠበቀኝ። ጎረቤታቸው ተሽሏት ወደ ቦታዋ ተመልሳለች፤ ዛሬ ሁለት ቅዳሜ ካለፈኝ "ምን ሆነህ ጠፋህ?" ብላ የምትቆጣኝ እሷ ናት።

እምቢ የሚለኝም ሞልቷል። አመስግኜ አልፋለሁ፤ በማግስቱ ሰላምታ አልነፍገውም፣ እሱም አይነፍገኝም።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። የመንገድ ሰው ፎቶ ስታወጡ ከሥሩ የአንሺው ስም ይታተማል፤ የተነሺው ግን "አንዲት ነጋዴ"፣ "አንድ ሊስትሮ" ተብሎ ይቀራል። ከፈቀዱ ስማቸውን ጻፉላቸው። አንሺው ስማቸውን ካላወቀው አላናገራቸውም ማለት ነውና፣ ፎቶውን ከማውጣታችሁ በፊት ሄዶ ያናግራቸው። ሲሄድም የታጠበውን ፎቶ ይዞላቸው ይሂድ።

አክባሪያችሁ፣
መምህርና ፎቶ አንሺ፣ ከጎንደር