የታሪክና ቅርስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የቾላዋ ንግሥትና ዘጠና ስድስቱ በጎች

የታሪክና ቅርስ ክበብ ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ ያጠናው የአንዲት ንግሥት ሕይወት ነው። ሴምቢያን ማሃዴቪ ይባላሉ። ከሺህ ዓመት በፊት በደቡብ ሕንድ፣ በካቬሪ ወንዝ ዳርቻ፣ ዛሬ ታሚል ናዱ በሚባለው አገር የነበረው የቾላ መንግሥት ንጉሥ የጋንዳራዲትያ ባለቤት ነበሩ። በወላጆች ስብሰባ ላይ «የራሳችን ነገሥታት ሞልተው የሕንድ ንግሥት ምን ይሠራላችኋል?» ተብለን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዕለቱ የተሰጠን ደቂቃ ስላልበቃን መልሱን እዚህ እንሰጣለን።

ልጆቻችን ስለ ንግሥታት የሚሰሙት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ውበታቸው፣ ስለ ጋብቻቸውና ስለ ቤተ መንግሥት ሽኩቻ ነው። ስለ ሴምቢያን ማሃዴቪ ግን እንዲህ ያለ ወሬ የለም ማለት ይቻላል። ያለው በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ የስጦታ መዝገብ ነው፤ ምን እንደሰጡ፣ ስንት እንደሰጡ፣ ማን እንደተረከበ፣ በየቀኑ ምን እንደሚከፈል ይናገራል። ከእንዲህ ያለ ደረቅ መዝገብ የሰው ሕይወት ማውጣት የታሪክ ሙያ እምብርት ነው። በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የሌለውም እሱ ነው።

የንግሥቲቱን ነገር ባጭሩ እናስቀምጠው። ከባላባት ቤት ተወልደው ወደ ቾላ ቤተ መንግሥት በጋብቻ ገቡ። ስማቸው መጀመሪያ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ941 በተቀረጸ ጽሑፍ ላይ ሲሆን፣ በሂንዱዎች አምላክ በሺቫ ፊት ሳይጠፋ የሚኖር መብራት መስጠታቸውን ይናገራል። በዚያን ጊዜ ገና አማታቸው ቀዳማዊ ፓራንታካ በዙፋን ላይ ነበሩ። በ949 በታኮላም ጦርነት አልጋ ወራሹ ራጃዲትያ ወደቁና ዙፋኑ ለታናሽ ወንድማቸው ለጋንዳራዲትያ መጣ። ጋንዳራዲትያም ብዙ አልቆዩም፤ በ957 ገደማ ሲሞቱ ልጃቸው ኡታማ ገና ሕፃን ስለነበር መንግሥቱ ወደ አጎትዬው ወደ አሪንጃያ፣ ከዚያም ወደ አሪንጃያ ልጅ ወደ ሱንዳራ ቾላ ተላለፈ። ኡታማ የነገሡት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ971 ገደማ ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ በ985 ታላቁ ራጃራጃ መጡ። ንግሥቲቱ ይህን ሁሉ በሕይወት አይተዋል፤ የመጨረሻዎቹ ጽሑፎቻቸው ወደ 1001 ይጠጋሉ። ስድስት ነገሥታት ሲፈራረቁ መስጠት አላቋረጡም።

ክበቡን ከሁሉ ያከራከረው የመበለትነታቸው ጉዳይ ነው። የሱንዳራ ቾላ ባለቤት፣ የራጃራጃ እናት ቫናቫን ማዴቪ፣ ባላቸው ሲሞቱ አስከሬኑ ወደሚቃጠልበት እሳት አብረው ገብተዋል፤ የዘመኑ ጽሑፎች ይህን በአድናቆት ይተርካሉ። ሴምቢያን ማሃዴቪ ግን ኖሩ። ልጅ የሚያሳድጉ፣ ዙፋኑ በሌላ ቅርንጫፍ እጅ ያለ፣ ጦርም ሹመትም የሌላቸው መበለት ነበሩ። በእጃቸው የቀረው ሀብታቸውና የመስጠት መብታቸው ነው። በጽሑፎቹ ላይ «የጋንዳራዲትያ ንግሥት፣ የኡታማ ቾላ እናት» እየተባሉ መጠራታቸውን ሳስተውለው እንደ ልማድ አይታየኝም። ስጦታው በተነበበ ቁጥር የልጁም መብት አብሮ ይነበባል። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ከክበቡ አባላት ገሚሶቹ «ሃይማኖታቸው ነው እንጂ ፖለቲካ አይደለም» ብለው እስከ መጨረሻው ተከራክረውኛል፤ ክርክራቸውም ጥሩ ነበር።

ያሠሩትን እንመልከት። በዚያ አገር ብዙዎቹ ቤተ መቅደሶች የጡብ ነበሩ፤ ጡብ በካቬሪ ዝናብና ጎርፍ ይፈርሳል፣ በስንጥቁ ዛፍ ይበቅልበታል። ንግሥቲቱ እነዚህን እየተከታተሉ በጥቁር ድንጋይ አስለወጡ። በባላቸው ስም ባሠሩት በኮኔሪራጃፑራም ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ንጉሡ በሺቫ ፊት ሲሰግዱ የሚያሳይ ቅርጽና ጽሑፍ አለ። ከእሳቸው በፊት በቅድስተ ቅዱሳኑ ሦስት ግድግዳዎች ላይ ያሉት የምስል ቦታዎች ጥቂት ነበሩ፤ በእሳቸው ሕንፃዎች ግን በፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይም በዙ። በደቡቡ በኩል የዝሆን ራስ ያለው አምላክ ጋኔሻና ናታራጃ የሚባለው የሚጨፍረው ሺቫ፣ በሰሜኑ በኩል እንስት አምላኳ ዱርጋ ቦታ አገኙ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የናታራጃ ምስል በቾላ አገር እንዲህ የተስፋፋው በእሳቸው ዘመን ነው።

ንግሥቲቱ በድንጋይ ባስለወጡት በቲሩኮዲካቫል ቤተ መቅደስ የሆነው ደግሞ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። አሮጌው ሕንፃ ሲነሣ በድንጋዮቹ ላይ የቆዩ ጽሑፎች ነበሩ። ድንጋዮቹ ከመጣላቸው በፊት ጽሑፉ ተገልብጦ በአዲሱ ግድግዳ ላይ ተቀረጸ፤ ከአሮጌ ድንጋይ የተገለበጠ መሆኑም አብሮ ተጻፈ። የትምህርት ቤታችን የድሮ የተማሪዎች መዝገቦች በመጋዘኑ ጥግ እርጥበት እየበላቸው ነው። አዲሱ ሕንፃ ሲሠራ መጋዘኑ እንደሚፈርስ ሁላችንም እናውቃለን። ክበቡ ጠረጴዛና ቁልፍ ይሰጠው እንጂ መገልበጡን በራሱ ጊዜ ይሠራል፤ ማመልከቻው ከገባ ቆይቷል።

ወደ በጎቹ እንምጣ። በቾላ አገር ለአንድ የማይጠፋ መብራት የሚሰጠው የተለመደው ስጦታ ዘጠና ስድስት በግ ነው። በጎቹን እረኞች ይረከቡና በልዋጩ መብራቱ የሚነድበትን አንድ ኡላኩ የተነጠረ ቅቤ በየቀኑ ለቤተ መቅደሱ ያስገባሉ። ኡላኩ የናሊ መስፈሪያ ሩብ ነው። በውሉ ላይ በጎቹ «የማይሞቱ፣ የማያረጁ» ተብለዋል፤ በግ ቢሞትም ቢያረጅም እረኛው ተክቶ ቁጥሩን ሳያጓድል ለዘላለም ሊያቆየው ይገባል ማለት ነው።

ይህ ሲነበብ ክፍሉ ሳቀ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን አልሳቀችም። የቤተሰቧ ኑሮ ከከብትና ከበግ ጋር ነው፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ሳትናገር የምትውል ልጅ ነበረች። ጠመኔ ጠይቃ ወደ ሰሌዳው ወጣች። ከዘጠና ስድስቱ አውራዎቹንና ግልገሎቹን ቀነሰች። በግ አምስት ወር ታረግዛለች፣ የምትታለበው ጥቂት ወር ነው ብላ የደረቁትንና እርጉዞቹን ቀነሰች። ለግልገሎቹ የሚተወውን ወተት ቀነሰች። «በአንድ ጠዋት የሚታለቡት ሠላሳ ቢሞሉ ነው» አለችና ቁጥሩ ለምን እንዲህ እንደበዛ ገባን። በመንጋው መካከል ሁልጊዜ የምትታለብ እንድትኖር ነው፤ በአሥር በግ የተሰጠ መብራት በዓመቱ ውስጥ ይጠፋ ነበር። የሚወለዱት ግልገሎች የሞቱትን ይተካሉ፣ ትርፉ ለእረኛው ይሆናል ብላም ገመተች። ቀጥላ «ድርቅ ሲሆንስ? ቅቤው የሚጠየቀው እረኛው ነው። ለመሆኑ ስሙ ተጽፏል?» አለች።

ስሙ ተጽፏል። ራጃራጃ በታንጃቩር ባሠሩት ታላቅ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ በጎቹንና ላሞቹን የተረከቡት እረኞች በየስማቸው ተዘርዝረዋል፤ የዋሶቻቸውም ስም አብሮ አለ። እረኛው ቢጠፋ ወይም ቢሞት ቅቤውን የሚያስገባው ዋሱ ነው። ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ ይዘን ስንመጣ ልጅቷ ዋስ የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ሁሉ በራ፤ ነገሩን ከቤቷ ታውቀዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክበቡ ጸሐፊ እሷ ናት። የዓመቱ ሥራ ሁሉ ቢጠፋ ይህ አንድ ቀን ይበቃኝ ነበር።

ሁለተኛው ሥራችን ነሐስ ማፍሰስ ነው። በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የእስያ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1929 የተገዛ፣ ቁመቱ 107 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የነሐስ ምስል አለ። ብዙ አጥኚዎች ሴምቢያን ማሃዴቪ በሺቫ ባለቤት፣ በእንስት አምላኳ በፓርቫቲ አምሳል የተሠሩበት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ፓርቫቲ ብቻ ናት ይላሉ። ረጅም ሾጣጣ ዘውድ፣ ተዳፋት ትከሻ፣ አበባ ለመያዝ የታጠፈ ቀኝ እጅ፣ እስከ ጭን የወረደ ግራ እጅ አላት። ንግሥቲቱ ካለፉ በኋላ በራጃራጃ ልጅ በራጄንድራ ዘመን በስማቸው በተጠራው መንደር ምስላቸው መቆሙን የሚናገር ጽሑፍ ስላለ ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ዋሽንግተን የምትኖር የቀድሞ ተማሪያችን ምስሉን ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንና ከጀርባ አንሥታ ላከችልን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። የጀርባው ፎቶ ባይኖር ልጆቹ የዘውዱን አሠራር አያውቁትም ነበር።

አሠራሩ በታሚል ናዱ የነሐስ አንጥረኞች ከተማ በስዋሚማላይ ዛሬም አለ። የንብ ሰም ከሙጫና ከጥቂት ዘይት ጋር ይቀልጣል። ሙጫው ከበዛ ሰሙ ይሰባበራል፣ ዘይቱ ከበዛ ጣትና አፍንጫ ቅርጽ አይዙም። ምስሉ በሰም ከተሠራ በኋላ መጀመሪያ የሚቀባው እጅግ የላመ የካቬሪ ደለል ነው፤ ከተቃጠለ የሩዝ ገለባና ከእበት ጋር ይደባለቃል። ገለባው የአየር መውጫ ቀዳዳ ይፈጥራል፣ የላመው ደለል ደግሞ የጌጡን ጥቃቅን መስመር ይይዛል። በላዩ አሸዋ ያለበት ሻካራ ጭቃ ይደረባል፣ ትልቅ ከሆነ በሽቦ ይታሰራል። በጥላ ይደርቃል፣ ይሞቃል፣ ሰሙ በቀዳዳው ይወርዳል፣ በቦታው ነሐስ ይገባል። ነሐስ ከሰም ዘጠኝ እጥፍ ያህል ስለሚከብድ 200 ግራም ሰም 1.8 ኪሎ ነሐስ ይፈልጋል፤ ለመፍሰሻው ቦይ ደግሞ ጨምሮ መያዝ ነው። የቾላ ምስሎች ድፍን ናቸው፤ በክብረ በዓል በመሎጊያ ተሸክመው ስለሚያወጧቸው እግራቸው ሥር ባለው መቆሚያ ላይ የመሎጊያ መያዣ አለ።

እኛ ዘንድ መስቀል የሚሠራበት መንገድም ይኸው ስለሆነ ከስድስት ኪሎው ሙዚየም የመስቀሎች ስብስብ ወጥተን ወደ አንድ አንጥረኛ ዘንድ ሄድን። ሰምና ወርቅን ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚያውቁት ልጆች ሰሙ ከጭቃው ሲወርድ አዩ። የሩዝ ገለባ ስለሌለን የደቀቀ ከሰል በተነፋ አፈር ለወስን። የዋሽንግተኑን ምስል ትንሽ ቅጂ በሰም ሠርተን መጀመሪያ የለበጥነው ጭቃ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ስለደረቀ ክንዱ ላይ ተሰነጠቀ፣ ነሐሱም በስንጥቁ ወጣ። ቀጥሎ በጥላ አደረቅነው፤ ወናፉን ተራ በተራ ነፉ፣ ማፍሰሱን ግን አንጥረኛው ብቻ ነው ያደረጉት፣ ልጆቹ ከመስመር ወዲህ ቆመዋል። ጭቃው ሲሰበር ዘውዱ ከነመስመሩ፣ ትከሻው ከነተዳፋቱ ወጣ። አበባ የሚይዙት ጣቶች ግን አልሞሉም። ጭቃው ከእሳት ወጥቶ ሲጠብቅ ስለበረደ ነሐሱ ጫፍ ሳይደርስ ጠጥሯል። ምስሉ በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ ጣት የሌለው እጅ ለምን እንደሆነ ማንኛውንም የክበቡን ልጅ ጠይቁ፣ ይነግራችኋል።

ሌላው በጥቂቱ፦ ስብሰባ በየሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ተደርጓል፣ ግድግዳ ጋዜጣ ወጥቷል፣ ለባንዲራ ሥነ ሥርዓት አጫጭር ንባቦች ቀርበዋል። በሁለተኛው መንፈቅ የፈተና ጊዜ ተሳታፊ ቀንሷል። ለወላጆች ቀን የታቀደው ትርኢት አዳራሹ ለሌላ ዝግጅት በመያዙ ቀርቷል።

ቤተ መጻሕፍታችን ስለ ደቡብ እስያ አንድም መጽሐፍ የለውም። ልጆቹ ያነበቡት በየቤቱ በስልክ ወርዶ በመምህራን ኪስ የታተመ ወረቀት ነው። በቀደመው ጊዜ ከሕንድ መጥተው በአገራችን ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ መምህራን ብዙ ነበሩ፤ ከአያቶችና ከወላጆች መካከል የእነሱ ተማሪ የነበራችሁ መጽሐፍም ፎቶም ካላችሁ ለግልባጭ አውሱን።

ለመጪው ዓመት ያሰብነው ይህንኑ የመቁጠር ሥራ ወደ ጎንደር መውሰድ ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ ላሠሩት ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም የተሰጠውን ርስትና ንዋየ ቅድሳት ተማሪዎቹ ከታተሙ ምንጮች ዘርዝረው፣ ቦታውን በዓይናቸው ያያሉ። ለዚህ የአውቶቡስ ኪራይና የአዳር ወጪ ያስፈልጋል። ለነሐሱ ሥራ ደግሞ የሚያስፈልገን ያልተደባለቀ የንብ ሰም አምስት ኪሎ፣ አሮጌ የነሐስ ቧንቧና የቧንቧ መዝጊያ፣ ወፍራም የቆዳ ጓንትና የዓይን መከላከያ ነው። ቀፎ ያላችሁ ወላጆች የተጨመቀውን ሰም አትጣሉት፤ በምክትል ርእሰ መምህሩ ቢሮ በኩል ብታደርሱልን ጸሐፊዋ መዝግባ፣ የሰጪውን ስምና መጠኑን ጽፋ ትረከባለች።