ነፋስ፣ ነፍስ፣ እስትንፋስ

ልጄ፣

ባለፈው «እማ፣ ነፍስ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም አንጎል ነው» ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትዘጊው ትንሽ ተናድጄ ነበር። ያናደደኝ ሐሳቡ አይደለም። ስንቱ ዕድሜውን የጨረሰበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስሽ ነው።

ትንፋሽ ካልኩ አይቀር ከእሱ ልጀምር። ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ፤ ሁሉም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። የዕብራይስጡ ሩአሕም ነፋስ ማለት ነው፣ የግሪኩ ፕኔውማም እንዲሁ። ነፋስ ደግሞ በር ያላትማል፣ አቧራ ያስነሳል። ታዲያ ከየትኛው ወገን ነው፤ ከማይዳሰሰው ረቂቅ ወይስ ከሚዳሰሰው ግዙፍ? የግእዝ ሊቃውንት ሰውን ሲተነትኑ ነፋስን ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ጋር ለሥጋ ሰጡት። ለነፍስ ማሰብን፣ መናገርንና ሕያውነትን ተዉላት። ዘመዳሞቹ ቃላት እዚያ ላይ ተለያዩ።

የነፍስና የቁስ ድንበር ሁሉም ዘንድ አንድ ቦታ ላይ አይደለም፤ ልነግርሽ የፈለግሁትም ይሄንኑ ነው። ግሪካዊው ፈላስፋ ዴሞክሪተስ ነፍስ አለች ይላል፤ ግን እሷም ከክብ አቶሞች የተሠራች ናት። ሳንክያ የሚባለው የሕንዶች ፍልስፍና ደግሞ ይብሳል። ሐሳብንም፣ «እኔ» ማለትንም ሳይቀር ከቁስ ጎራ ይመድበዋል። ቁስ ያልሆነው ዝም ብሎ የሚያይ ምስክር ብቻ ነው። አንቺ ሽንጥሽን ገትረሽ የምትከራከሪበትን አብዛኛውን እነሱ ያለ ጭቅጭቅ ይሰጡሻል። ቡድሂስቶችም ቋሚ ነፍስ የለም ይላሉ፤ ይህ ግን ከመጸለይ አላገዳቸውም።

በሦስተኛው መቶ ዘመን የተነሣው የሃይማኖት መሥራች ማኒ ቁስን የጨለማ ወገን አደረገው። እሱን አልወደውም። አምጣ የወለደች ሴት ሥጋ ክፉ ነው ብትባል እንዴት ትቀበላለች?

ከሁሉም የምወደው ግን የአንዲት ወጣት ጥያቄ ነው። የፈረንሳዩ ፈላስፋ ዴካርት ነፍስንና አካልን ፍጹም ለያይቶ ጽፏል፤ አንዷ ታስባለች፣ ሌላው ቦታ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1643 የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ ደብዳቤ ላከችለት። ያኔ 24 ዓመቷ ነበር። ነፍስ ቦታ የማትይዝ ከሆነ፣ የማትነካም ከሆነ፣ እንዴት አድርጋ እጅን ታንቀሳቅሳለች? ለመግፋት መነካካት የለም ወይ? አለቀ፣ ጥያቄው ይሄው ነው። ሰውየው መለሰ፤ እሷ ግን አልረካችም። ረቂቅ ነገር ግዙፉን ይገፋል ብዬ ከማምን ነፍስ ራሷ ቁስ ናት ማለት ይቀለኛል አለችው። እሱም የሁለቱ አንድነት የሚታወቀው በፍልስፍና ሳይሆን በተራ ኑሮና በጨዋታ ነው አላት። ደግሞም አንጎል ውስጥ ያለችውን ፒኒያል የምትባል ትንሽ ዕጢ መገናኛ አደረጋት። ይሄኛው መልስ አላሳመነኝም። ዕጢዋም ያው ሥጋ ናት፤ ጥያቄውን ጠበብ ያለ ክፍል ውስጥ መቆለፍ ነው።

ግን እ.ኤ.አ. በ1645 የሆነውን ስሚ። ኤልሳቤጥን የማይለቅ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ያዛት። ያ ነፍስና ሥጋን የለያየ ሰው ምን ብሎ ጻፈላት መሰለሽ? እንዲህ ያለ ትኩሳት ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከሐዘን ነው!

አንጎል ነው ማለትሽን አልጠላሁም፤ አንጎል ሲጎዳ ሰው ሌላ ሰው ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። የሚከብደኝ ቀጣዩ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ሥጋ እንዴት ይናፍቃል? ኤልሳቤጥ ነፍስን «እንዴት ትገፊያለሽ?» ብላ ጠየቀች፤ እኔ ደግሞ ሥጋን «እንዴት ይሰማሃል?» እላለሁ። ሁለቱም ጥያቄ ለእኔ እኩል ይከብዳል።

ፈተና በደረሰ ቁጥር ሆድሽን ይቆርጥሽ የለ? እስኪ እሱን ከየትኛው ወገን እንደምትመድቢው አስቢና ደውይልኝ። ስልኩን ግን ቶሎ አትዝጊ።

እናትሽ