ያቺ ፕላስቲክ ጊታር

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ከሁለት ዓመት በላይ ድምፄን አጥፍቼብህ ቆየሁ። ሥራ በዛብኝ ብዬ አልዋሽህም። በዘገየሁ ቁጥር መጻፉ እያሳፈረኝ ሄደ፣ እንጂ ሳላስብህ የዋልኩበት ሳምንት የለም። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ያስነሳኝ ያ የጊታሩ ጌም፣ ጊታር ሂሮ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚወርዱትን ባለ ቀለም ምልክቶች እያየን የፕላስቲክ ጊታር ቁልፎችን ከዘፈኑ ጋር የምንጫንበት። ዕቃ ሳስተካክል ፕላስቲኳን ጊታር አገኘኋት። አምስቱም ቁልፎች ይሠራሉ። አንተ «ይሄ ሙዚቃ ነው» ስትል፣ እኔ «ቁልፍ መጫን ነው» እያልኩ ስንት ሌሊት ተከራከርን!

ወንድሜ፣ በግማሽ ተሸንፌያለሁ። አምስት ቁልፍ ስድስት ክር አይሆንም፤ እዚህ ላይ አሁንም አልለቅህም። በእሷ የሰለጠነ ጣት እውነተኛ ጊታር ላይ ኮርድ መያዝን፣ ብዙ ክር አንድ ላይ ማሰማትን፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ጆሮ ግን ይማራል። ስትስት የጊታሩ ድምፅ ከዘፈኑ ውስጥ ይጠፋል፣ ስታገኘው ይመለሳል። ለካ ስንት ዓመት የሰማሁት ዘፈን ውስጥ ጊታሩ ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ወፍራም ድምፅ ያለውን ቤዝ ጊታርማ ጭራሽ! አሁን ሙዚቃ ስከፍት መጀመሪያ የምሰማው ቤዙን ነው።

ከበሮው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጊታር ሂሮን እ.ኤ.አ. በ2005 የሠሩት ሃርሞኒክስ የሚባለው ድርጅት ሰዎች በ2007 ሮክ ባንድ የሚባለውን ጌም ሲያወጡ፣ አራት የሚመቱ ፓዶችና አንድ የእግር ፔዳል ጨመሩበት። እዚያ ላይ ማስመሰል ብዙም የለም። ዱላ ይዘህ ትመታለህ፣ እግርህ ከእጅህ ተለይቶ የራሱን ይሠራል። በከባዱ ደረጃ የምትመታው ከሞላ ጎደል ከበሮ መቺው የመታውን ነው። እጅና እግሬን ለማለያየት ሳምንታት ፈጀብኝ። አንድ ቀን በድንገት ሲገባኝ ብቻዬን ጮህኩ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን አዲሱን ዓይነት፣ ጊታር ሂሮ ላይቭንም ሞከርኩት። ስድስት ቁልፎች፣ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ረድፍ። የድሮ ተጫዋቾች ብዙዎቹ አልወደዱትም። እውነት አላቸው፣ አሥር ዓመት የለመደ ጣት እንደ አዲስ ጀምር ሲባል ያማል። እኔ ግን ወደድኩት። ትንሿ ጣት እንደ ድሮው አምስተኛውን ብርቱካናማ ቁልፍ ፍለጋ አትንጠራራም፣ ላይና ታች አብረህ ስትይዝ ደግሞ ኮርድ ኮርድ ይላል። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ዘፈኖች በኢንተርኔት የሚመጡ ስለነበሩ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አገልግሎቱ ሲዘጋ አብረው ሄዱ። ዲስኩ ላይ ያሉት 42 ብቻ ቀሩ። ጊታሩ እጅህ ላይ አለ፣ ዘፈኑ የለም። ለዚህ ነው የድሮዎቹን ዲስኮች አንድም ያልሰጠሁት።

አንድ የይቅርታ ዕዳ ደግሞ አለብኝ። «መትቼዋለሁ እኮ!» እያልክ ስትናደድ፣ እጅህ ይዘገያል እልህ ነበር። የሚዘገየው ቴሌቪዥኑ ሳይሆን አይቀርም። አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ትንሽ ያዘገዩታል፤ ጌሙ ውስጥ ይህን ማስተካከያ አለ፣ እኛ አንድም ቀን አልነካነውም። ባለፈው ሳምንት ሳስተካክለው እስት የነበረው ሁሉ ገባልኝ። ያን ሁሉ ሌሊት ልክ አንተ ነበርክ ማለት ነው።

አሁን ተስተካክሎ ይጠብቅሃል። ከበሮውን እኔ እይዛለሁ፣ ጊታሯ ያንተ ናት። መቼ እንደምትመጣ ብቻ ጻፍልኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ