ፖሊስ የደበደበ በጅምላ ይቅርታ አይውጣ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አዲስ ዓመት ሲቃረብ የታራሚዎች ይቅርታ ወሬ ይነሣል። ይቅርታ መስጠት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 71 ለፕሬዚዳንቱ የሰጠው ሥልጣን ነውና ይቅርታን አንቃወምም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ በሥራ ላይ ያለ ፖሊስ ደብድቦ የተፈረደበት ሰው ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ አይውጣ።

ችግሩ የሚጀምረው ከአንቀጽ ቁጥሩ ነው። ክሱ በአካል ጉዳት ከቀረበ፣ ከባዱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555፣ ቀላሉ በ556 ይታያል። እነዚህ አንቀጾች ጠላ ቤት ለተፈነካከቱ ጎረቤታሞችም ያገለግላሉ። ተጎጂው ሥራውን በማከናወን ላይ የነበረ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑ በአንቀጽ 84 ቅጣት ማክበጃ ሆኖ በፍርዱ ሐተታ ይጻፋል እንጂ የአንቀጹን ቁጥር አይለውጥም። ስለዚህ ስም ዝርዝሩ በአንቀጽና በታሰሩበት ጊዜ ብቻ ከተጣራ፣ ኮንስታብሉን በድንጋይ የፈነከተው ሰው «አካል ጉዳት» ተብሎ ያልፋል። ፍርዱን ገልጦ ያላነበበ አይለየውም።

እንደ ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ነገሩ ይከብዳል። ፖሊሱ ራሱ እዚያው ሰፈር ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ሲቪል ለብሶ ታክሲ ይሰለፋል። ደብዳቢው መፈታቱን የሚሰማው ሰልፉ ላይ ፊት ለፊት ሲገጥመው ከሆነ ነገር ተበላሽቷል። የመሰከሩት የኮንዶሚኒየም ጥበቃና ባለሱቅም ያያሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ «አላየሁም» ይላሉ።

የሚታረም ሰው መውጫ አያጣም። በአንቀጽ 202 መሠረት የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመ፣ ማለትም ሦስት ዓመት የተፈረደበት በሁለት ዓመቱ፣ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። አመክሮ ግን ጠባዩ መሻሻሉን፣ ያደረሰውንም ጉዳት በአቅሙ መካሱን ይጠይቃል። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

«ፖሊስስ አይደበድብም ወይ?» የሚል አለ። ይደበድባል፤ ለዚያ ግን አንቀጽ 424 አለ። ራሱን የተከላከለ ሰው ደግሞ አንቀጽ 78ን ይዞ ይግባኝ ይበል፤ ከጥፋተኝነቱ ነጻ የሚያወጣው ይግባኝ ነው። ይቅርታ ቅጣቱን ይተዋል እንጂ ፍርዱን አይሽርም።

ጅምላ ይቅርታ የት እንደሚያደርስ በአሜሪካ ታይቷል። ታኅሣሥ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የምክር ቤቱ ሕንፃ ሲወረር 140 ያህል ፖሊሶች ተጎዱ። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትራምፕ በወረራው ለተከሰሱ ወደ 1,500 ለሚጠጉ ሰዎች ይቅርታ ሲያደርጉ፣ ፖሊስ የደበደቡትም በር ገፍቶ ከገባው ጋር አብረው ተለቀቁ።

ስለዚህ ማረሚያ ቤት የይቅርታ ጥያቄ ሲልክ የፍርዱን ሙሉ ግልባጭ ያያይዝ። ተጎጂው ፖሊስ መሆኑ በቅጹ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ እንዲህ ያለው መዝገብ ከጅምላው ወጥቶ ለብቻው ይታይ፤ የይቅርታ ቦርዱም የውሳኔ ሐሳቡን ለፕሬዚዳንቱ ከማቅረቡ በፊት የተጎዳውን ፖሊስ፣ ከሞተም ቤተሰቡን ጠርቶ ይስማ። ከቱሉ ዲምቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ገላን ላይ የተፈጸመው ወንጀል የሚታየው በኦሮሚያ ፍርድ ቤት፣ ይቅርታውም በክልሉ በኩል ነውና፣ ጥያቄያችን ለፌዴራሉም ለክልሉም ነው።

የአካባቢው ነዋሪ የሕግ ባለሙያዎች
ከቱሉ ዲምቱ