ይድረስ ለልጄ፦ በጎቹን ለአረፋ እናድርሳቸው

አቀስታ፣ ለጋምቦ
ጥር 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤህን እህትህ አነበበችልኝ፤ ይህንንም እኔ እየነገርኳት የምትጽፈው እርሷ ናት።

ቢሾፍቱ ስላየኸው የአሳማ እርባታ የጻፍከውን ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ። አራት ወር ሳይሞላት ትወልዳለች፣ በአንዴ አስር ትጥላለች፣ የወጥ ቤት ትርፍራፊ በልታ ትሰባለች ብለሃል። የእኛዋ በግ አምስት ወር ተሸክማ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው የምትሰጠው፤ ልክ ነህ። ነገር ግን አሳማውን እዚህ ማን ሊገዛህ ነው? በአገራችን ሼሁና ቄሱ ያለ ክርክር የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ሠላሳ በግ ገዝተን ለፋሲካ እናድርስ ያልከው ግን አልተዋጠልኝም። አምስት ይበቃል፤ እሱም ለአረፋ።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ነው የሚገቡት፣ የካቲት አስር ገደማ። ክርስቲያኑ ከሥጋ ይርቃል፣ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ የበልግ ዘር መግዣ የቸገረው ገበሬ ግን በጉን ማውጣቱ አይቀርም። የምንገዛው ያኔ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ ሁለት ወር እንኳ አናገኝም፤ የከሳ በግ በዚያ ጊዜ ሆዱ ይሞላ እንደሆነ እንጂ ሥጋ አይዝም። አረፋ ጨረቃዋ ካላዘገየችው ግንቦት 19 ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ እጃችን ላይ ይቆያሉ። አምና ግንቦት 29 ነበር የዋለው። በየዓመቱ አስር አስራ አንድ ቀን እየቀደመ እንደሚመጣ ዘንግተው ያምናውን ቀን ይዘው የሚያደልቡ አሉ፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ የሰባ በግ እየጎተቱ ገበያ ሲዞሩ ታያቸዋለህ።

ለአረፋ ደግሞ ውፍረት ብቻውን አይበቃም። ለኡዱሒያ መሥዋዕትነት የሚታረደው ዓይኑ ያልጠፋ፣ የማያነክስ፣ ጆሮው ያልተቆረጠ መሆን አለበት። አንዳንዱ እረኛ ለምልክት ብሎ ጆሮ ይቆርጣል፤ እንዴት እንደሚያበሳጨኝ! ስንት የሚያወጣ በግ በአንዲት ቁራጭ ጆሮ ከገበያ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ጆሮውን አያለሁ፣ ቀጥሎ አፉን እከፍታለሁ፤ ሁለት ሰፋፊ ጥርስ ካበቀለ ዓመቱን አልፏል። ከዚያ እጄን ወገቡ ላይ አሳርፋለሁ። አጥንቱ ቢቆረቁረኝ ግድ የለኝም፣ የምፈልገው የከሳ ነው፤ የታመመውን ግን አልፈልግም። የዓይኑን ቆብ ስገለብጠው ነጭ ከሆነብኝ፣ ከመንጋጋው ሥርም ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ፣ ረግረግ ላይ ሲግጥ የጉበት ትል ገብቶበታል ብዬ እጠረጥራለሁ። እንዲህ ያለውን በነጻ ቢሰጡኝም አልወስደው።

አምስት ያልኩህ በመኖው ምክንያት ነው። የገብስና የባቄላ ገለባ ተርፎናል፣ ትንሽ ድርቆሽም አለ፤ ለአምስቱ አይጎድልም። በልግ ከዘነበ ሣር ይደርሳል። ካልዘነበ ግን ሠላሳ አፍ በገንዘብ እየገዙ መመገብ ማለት ከትርፉ አልፎ ዋናውንም ማስበላት ነው፤ የበልጉ ነገር ደግሞ በእኛ ደጋ ስንቴ እንደከዳን አንተም ታውቃለህ። ማታ ማታ ባቄላ ቀቅለን ጨው ጣል አድርገን እንሰጣቸዋለን። ጎረቤታችን የሚያደልቡት በአተላ ነው፤ ቶሎ ያሰባል ይላሉ፣ በዓይኔም አይቻለሁ። እኔ ቤት ግን አተላ አይገባም።

ክትባቱንና የትል መድኃኒቱን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር እኔ እጨርሳለሁ። አንተ ብሩን ባንክ አቆየውና ጾሙ በገባ በሳምንቱ ለወንድምህ ላክለት፤ ቀድመህ አትላክ፣ እጁ ላይ ብር ካለ እስከዚያ አይታገሥም። አምስቱ ተሸጠው ሒሳቡን ካየን በኋላ ስለ አስር እንነጋገራለን። ለአረፋ ፈቃድ ይሰጡህ እንደሆነም ከአሁኑ ጠይቅና ጻፍልኝ።

አብሽር ልጄ።

እናትህ