መድኃኒት ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን

ለተከበረው ጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

በዓል በቀረበ ቁጥር በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ መድኃኒት አሰባስበው በሻንጣና በካርቶን ወደ ገጠር ጤና ተቋማት ያመጣሉ። ይህን የሚያደርጉት ለወገን አዝነው እንደሆነ አልጠራጠርም። ሆኖም ከሃያ ዓመት በላይ በመድኃኒት መጋዘን የሠራሁ የፋርማሲ ባለሙያ በመሆኔ፣ ስጦታው መጋዘን ከገባ በኋላ የሚሆነውን ለአንባቢዎቻችሁ መንገር ይገባኛል እላለሁ።

ከእነዚህ ካርቶኖች አንዱን የከፈትኩበትን ቀን አልረሳውም። ከላይ የተቀመጠው ግማሹ ተጠጥቶ የተከደነ የሳል ሽሮፕ ሲሆን፣ ጠርሙሱ ላይ የታማሚዋ ስም እንደተለጠፈ ነበር። ከሥሩ መመሪያው በጀርመንኛ ብቻ የተጻፈ ኪኒን፣ ቀጥሎም የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያበቃ ስድስት ሳምንት የቀረው የኮሌስትሮል መድኃኒት አገኘሁ። በዚያ ሳምንት ማዋለጃ ክፍላችን ያጣው ግን ጓንት ነበር። ያንን ሁሉ ለይቶ፣ መዝግቦና በኮሚቴ አስወስኖ ለማስወገድ ሁለት ወር ፈጀብን።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 አርሜኒያ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ 5,000 ቶን ያህል መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተልኮላት፣ ምን እንደመጣ ለይቶ ለማወቅ ብቻ ሃምሳ ሰዎች ስድስት ወር ደክመዋል። በዓመቱ በኤርትራ፣ በጦርነቱ መካከል፣ ጊዜው ያለፈበት ሰባት የጭነት መኪና አስፕሪን ደርሶ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ስድስት ወር ወስዷል። በደም ሥር የሚሰጥ፣ ጊዜው ያለፈበት 30,000 ጠርሙስ የአሚኖ አሲድ ፈሳሽ ደግሞ ከሽታው የተነሣ ሰው በሚኖርበት አካባቢ ሊደፋ አልተቻለም። ቁስለኛ የሚያመላልስ መኪናና ነዳጅ ብርቅ በሆነበት ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ያወጣው ከዚህ በመነሣት ነው። መመሪያው ስጦታው በተቀባዩ ፍላጎት ላይ እንዲመሠረት፣ መድኃኒቱ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የመጠቀሚያ ጊዜ እንዲቀረው፣ ጽሑፉም የተቀባዩ አገር ባለሙያ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲሆን ይጠይቃል። ለታማሚ ታዝዞ የተረፈ መድኃኒት ፈጽሞ መላክ የለበትም።

በአግባቡ የሚሰጥ ልገሳ ምን ያህል እንደሚጠቅም በክልላችን አይተናል። የፋይዘር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዓይን ለሚያሳውረው ትራኮማ መከላከያ በነጻ የሚያቀርበው ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት በየወረዳው የበሽታው ስርጭት ተጠንቶ፣ መጠኑ ተሰልቶ የሚመጣ ነው። በዘመቻው ቀን ልጆቹ ምልክት በተቀባ እንጨት አጠገብ እየቆሙ በቁመታቸው ልክ ይሰጣቸዋል፤ ሚዛን በሌለበት ቀበሌም ሥራው አይስተጓጎልም። ያንን እንጨት ያሰበ ሰው ሕፃኑ የቆመበትን ሜዳ አስቀድሞ አስቧል።

ጥፋቱን በላኪው ላይ ብቻ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። እኛም ይሉኝታ ይዞን፣ የማይጠቅመንን ዕቃ በጭብጨባና በፎቶግራፍ ተቀብለን እንግዳው ሲሄድ ወደ ማቃጠያ እናወርዳለን፤ እሱም በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ የየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በየሩብ ዓመቱ የሚጎድለውን በዝርዝር እንዲያሳውቅ፣ የማይፈልገውንም በግልጽና በአክብሮት እንዲመልስ እጠይቃለሁ። ደም ለሚፈሳት ወላድ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት፣ አንዳንዴ ትልቁ ስጦታ መድኃኒቱ ሳይሆን መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነው። ይህን የሚያውቀው እዚያው የሚሠራው ባለሙያ ነውና፣ ለጋሾች ካርቶን ከመሙላታቸው በፊት ወደ ጤና ጣቢያው ደውለው የመድኃኒት ክፍሉን ኃላፊ ያነጋግሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከጎንደር