የጥይት መከላከያ ሰደርያ ግዢና የናሙና ፍተሻ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ወታደሮች የጥይት መከላከያ ሰደርያ ግዢ ያወጣችሁት ጽሑፍ ያተኮረው በዋጋና በክብደት ላይ ነው። ትልቁ ክፍተት ግን ያለው ፍተሻው ላይ ነው። አቅራቢው ለጨረታ ያቀረበው ናሙና ፈተናውን ማለፉ፣ ኋላ የሚረከቡት ምርት ያንኑ ጥራት ለመያዙ ዋስትና አይሆንም። ከርክክብ በኋላም ቢሆን ሰደርያው ውስጥ የሚገባው ጥይት የሚያቆም የሴራሚክ ሳህን ከእጅ ሲወድቅ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ልባሱ ስለሚሸፍነው ስንጥቁ የሚገኘው በኤክስሬይ ነው። ለሰደርያ የሚውለውን ጠንካራ ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ኬቭላርን፣ ደግሞ የፀሐይ ጨረር ያደክመዋል፤ የተቀደደ ሽፋን ቶሎ መቀየር ያለበት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ውሉ ከእያንዳንዱ የምርት ዙር ገዢው ራሱ በዘፈቀደ የሚያነሣቸው ናሙናዎች በጥይት እንዲፈተኑ ያስገድድ። ጥይቱ ባያልፍም እንኳ፣ የሰውን አካል ተክቶ ከሰደርያው ጀርባ የሚቀመጠው ለስላሳ የመፈተሻ ሸክላ በኤንአይጄ (የአሜሪካ ብሔራዊ የፍትሕ ተቋም) መስፈርት ከተቀመጠው 44 ሚሊሜትር በላይ ከሰረጎደ ዙሩ በሙሉ ይመለስ።

አንድ አንባቢ